አቦይና የሞተሬ የኋላ ፍሬን

የባለቤቴ አባት ከእኔ ጋር በደንብ ማውራት የጀመሩት በተጋባን በሦስተኛው ዓመት ነው። የጀመሩትም ስለ እኔ ወይም ስለ ልጃቸው አይደለም፤ ስለ ሞተሬ የኋላ ፍሬን ነው።

ከዚያ በፊት ተጣልተን አልነበረም። እንዲያውም ከልክ በላይ እንከባበር ነበር፤ ችግሩም እሱ ነበር። እሑድ እሑድ አያት ሰፈር ያለው ቤታቸው ስንሄድ "ደህና ነሽ ልጄ?" ይሉኛል። "ደህና ነኝ፤ እርስዎ እንዴት ነዎት አቦይ?" እላለሁ። "እግዚአብሔር ይመስገን" ይላሉ። ከዚያ ሁለታችንም ወደ ቴሌቪዥኑ እንዞራለን። አቦይ የምላቸው ባለቤቴ እንደዚያ ስለሚላቸው ነው፤ ቤተሰቡ ከትግራይ የመጣ ነው፣ አባትን አቦይ፣ እናትን አደይ ይላሉ። እኔ ደግሞ ሐዋሳ ያደግሁ የጴንጤ ልጅ ነኝ። ከሠርጋችን በፊት በሁለቱ ቤተሰቦች መካከል ስንት ሽማግሌ እንደተመላለሰ ቤቱ ይቁጠረው። ባለቤቴ እንደሚለው አቦይ በዚያ ሁሉ ስብሰባ ላይ የጠየቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። "ልጅቷ ሥራ አላት?" አላት ሲባሉ ሻያቸውን ጠጡ።

አዎ፣ ሥራ አለኝ። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ስትሮክ የመታቸውን፣ ወገባቸው የተያዘውን፣ አጥንታቸው ተሰብሮ የተጠገነላቸውን ሰዎች ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ እንቅስቃሴ አሠራለሁ። ቤተሰቦቻቸው ሲደሰቱብኝ ዶክተር፣ ሲከፋቸው ደግሞ "የማሳጅ ልጅ" ይሉኛል። እኛ የምንኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሕመምተኞቼ ግን አንዷ ሲኤምሲ፣ አንዱ ገርጂ፣ ሌላው ከአውሮፕላን ማረፊያው ጀርባ ናቸው። በታክሲ ሰልፍ ተሠልፌ በቀን ሁለት ሰው ካየሁ ያ ቀን የተባረከ ነበር። ስለዚህ መንጃ ፈቃድ አወጣሁና ሞተር ገዛሁ።

ሞተሯን ለመጀመሪያ ጊዜ አያት ይዤ የሄድኩ ቀን አደይ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። አቦይ ግን በረንዳው ላይ ቆመው ትንሽ አዩዋት።

"የማን ናት?" አሉ።

"የእኔ ናት አቦይ።"

"እሺ" አሉ። ከዚያ "ዘይቷን በየስንት ኪሎ ሜትር ነው የምትቀይሪው?" ብለው ጠየቁኝ። መለስኩላቸው። ተመልሰው ገቡ። ለስምንት ወር ስለ ሞተር የተናገሩት ይኼው ብቻ ነው።

አንባቢ አቦይን እንዲያውቃቸው አንድ ነገር ልናገር። ሠላሳ አራት ዓመት አውሮፕላን ሲጠግኑ ኖረው ነው ጡረታ የወጡት። ከሥራ ከወጡ በኋላ የሚጠግኑት አውሮፕላን ስለጠፋ ቤቱን እንደ አውሮፕላን መያዝ ጀመሩ። የውኃ ፓምፑ የራሱ ደብተር አለው። የጋዝ ሲሊንደር ሲቀየር አቦይ ይቀይራሉ፣ አደይ ደግሞ መቀየሩን አይተው ይፈርማሉ። አደይ ሲፈርሙ ሁልጊዜ በትግርኛ አንድ ነገር ይሉ ነበር፤ ባለቤቴ ግን ሊተረጉምልኝ ፈቃደኛ ሆኖ አያውቅም።

ወደ ፍሬኑ ልመለስ። በክረምቱ መጨረሻ አንድ ቀን ጎሮ አካባቢ እየሄድኩ የኋላውን ፍሬን ብረግጥ እግሬ ባዶ ገባ። የፊቱን ይዤ በቀስታ ዳር ወጣሁና ጎንበስ ብዬ አየሁ። የሞተሬ የኋላ ፍሬን አሠራሩ ቀላል ነው። ፔዳሉን ስትረግጡ አንድ ቀጭን የብረት ዘንግ ይስባል፣ ዘንጉ ጎማው ጋ ያለችውን አጭር ክንድ ይጎትታል፣ ክንዷ በታምቡሩ ውስጥ ያሉትን የፍሬን ሸራዎች ትከፍታለች። የዘንጉ ጫፍ ከክንዷ ጋር የሚያያዘው በሦስት ጥቃቅን ነገሮች ነው፤ ዘንጉ የሚያልፍባት ቀዳዳ ያላት ድቡልቡል ፒን፣ ከኋላዋ የምትገባ ዳዶ፣ ክንዷን መልሳ የምትገፋ ሞላ። ፍሬን የሚጠብቀውም የሚላላውም ያቺን ዳዶ በማዞር ነው። የእኔ ዳዶ በንዝረት ተፈትታ ወድቃለች፣ ሞላዋም አብራት ሄዳለች፣ ፒኗ ብቻዋን ቀርታለች።

እዚያው መንገድ ዳር የነበረ አንድ መካኒክ ሌላ ዳዶ ፈልጎ አስገባልኝ። ዳዶዋ ትንሽ ትሰፋለች፤ እንዳትወጣ በሽቦ ጠመጠማት። በሞላዋ ፋንታ ደግሞ ከአሮጌ የጎማ ካላማዳሪ ላስቲክ ቆርጦ አሰረልኝ። እኔ በብልሃቱ በጣም ነበር የተደነቅሁት። ለሦስት ሳምንት በኩራት ነዳሁ።

በሦስተኛው እሑድ አያት ሄደን ምሳ በልተን እንደጨረስን አቦይ ከመካከላችን ጠፉ። ሲመለሱ እጃቸውን ታጥበው ነበር። ከፊቴ ተቀመጡ።

"አየሁት" አሉ።

"ምኑን አቦይ?"

"የኋላ ፍሬንሽን። ካላማዳሪ ነው የታሰረበት።"

"አዎ፤ አንድ መካኒክ ነው የሠራልኝ። ጎበዝ ነው፣ በአምስት ደቂቃ ነው የጨረሰው።"

"ይታያል" አሉ አቦይ። "አምስት ደቂቃ ይመስላል።"

ባለቤቴ ሳቁን በውኃ ብርጭቆ ደበቀ። አቦይ ግን አልሳቁም። "ይህቺ ሞተር አትበርም" አሉ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ቃሉ ይኸው ነበር። ስወጣ መሪዋ ላይ፣ እንዳይበር እንደታገደ አውሮፕላን፣ ቀይ ጨርቅ ታስሮበታል፤ ቁልፏ ደግሞ በአቦይ ኪስ ነበር።

"አቦይ፣ ነገ እኮ አራት ሕመምተኛ አለብኝ።"

"አደርስሻለሁ" አሉ።

ወደ ቤት የተመለስነው በታክሲ ነው። በመንገድ ላይ ባለቤቴን "አባትህ ሞተሬን ወረሱኝ" አልኩት። "አንቺ ደግሞ በካላማዳሪ እየነዳሽ ነበር" አለኝ።

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ወርጄ ሳይ አቦይ ከሕንፃው ሥር መኪናቸውን አቁመው ይጠብቁኛል። ሹራብ ለብሰዋል፤ የሹራባቸው ኪስ ውስጥ እርሳስ አለ። የመጀመሪያዋ ሕመምተኛዬ ሲኤምሲ የሚኖሩ፣ ግራ ጎናቸውን ስትሮክ የያዛቸው እናት ናቸው። አቦይ መኪና ውስጥ እጠብቃለሁ ብለው ነበር። የቤቱ ሰዎች ግን "ሽማግሌ ደጅ ላይ አይቀመጥም" ብለው አስገቧቸው። ጥግ ላይ ተቀምጠው አርባ አምስት ደቂቃ ሙሉ ስሠራ ሲያዩኝ ቆዩ። እንደዚያ ቀን ተጨንቄ አላውቅም፤ የመመረቂያ ፈተናዬም ላይ እንኳ።

ከወጣን በኋላ መኪናውን ሳያስነሱ "ትጽፊያለሽ" አሉኝ።

"አቤት?"

"እጃቸውን ስንት ጊዜ እንዳነሱ ትጽፊያለሽ። ያቺ የያዝሻት ፕላስቲክ ምንድን ናት?"

ከቦርሳዬ የመገጣጠሚያ መለኪያዬን አውጥቼ ሰጠኋቸው። ሁለት ክንድ ያላት፣ መሐሏ ላይ የዲግሪ ቁጥር የተጻፈባት መለኪያ ናት፤ ጉልበት ወይም ትከሻ ምን ያህል እንደሚታጠፍ የምናየው በእሷ ነው። አቦይ መነጽራቸውን አድርገው ከፈቷት፣ ዘጓት፣ እንደገና ከፈቷት።

"ዲግሪ ነው የምትለኪው?"

"አዎ አቦይ። ባለፈው ሳምንት ሰባ ነበሩ፤ ዛሬ ሰባ ስምንት ደርሰዋል።"

"እኔ እኮ ..." አሉና አቆሙ። ምን ሊሉ እንደነበር አላውቅም። "የማሳጅ ልጅ" ሊሉ ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ። መለኪያዋን በሁለት እጃቸው መለሱልኝና የመኪናውን ቀበቶ ለመሳብ ዞሩ። ያኔ ነው እኔም ያየሁት። ቀበቶውን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም ነገር የሚይዙት በግራ እጃቸው ነበር። በሩንም በግራ፣ መስታወቱንም በግራ።

"ቀኝ ትከሻዎ ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኳቸው።

"ምኑ?"

"የማይነሳው።"

መንገዱን ትንሽ አዩ። "ከፋሲካ ወዲህ" አሉ ቀስ ብለው። "ለአደይ አትንገሪ።"

"አልናገርም። ግን እንደ ሞተሬ ሁሉ እሱም አይበርም።"

በዚህ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ አየኋቸው። ድምፅ የሌለው ሳቅ ነው፤ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው፣ እሱም ግራው።

ከሁለተኛው ሕመምተኛ በኋላ መገናኛ አካባቢ ወዳለ የሞተር መለዋወጫ ሱቅ ሄድን። ሻጯ ጆሮዋ ላይ የስልክ ማዳመጫ ያደረገች ወፍራም ሴት ናት። አቦይ ከሹራባቸው ኪስ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። የሞተሬ የፍሬን ዘንግ ነው። ትናንት ከሄድን በኋላ ፈትተውታል።

"የዚህን ዳዶ፣ ሞላና ፒን እንፈልጋለን" አሉ።

ሻጯ ትንሽ ፌስታል አምጥታ አስቀመጠች። ሦስቱም አሉበት። እኔ እጄን ስዘረጋ አቦይ አገዱኝ። ዳዶዋን ዘንጉ ላይ አስገብተው በጣታቸው አዞሯት፤ አንድ ዙር ተኩል ገብታ ተያዘች።

"ጥርሷ አይገጥምም" አሉ።

"በቁልፍ ሲያጠብቋት ትገባለች አባባ።"

"መግባቱንስ ትገባለች። ግን ዘንጉን እየበላች ነው የምትገባው።"

ሌላ ፌስታል መጣ። ይኼኛው ዳዶ ተስማማ፣ ሞላዋ ግን አጭር ሆነች። ሦስተኛ መጣ። አቦይ የፒኗን ውፍረት የሚለኩበት መለኪያ ከኪሳቸው ሲያወጡ ሻጯ ማዳመጫዋን ከጆሮዋ አወጣች፤ ስልክ ላይ የነበረውን ሰው "ቆይ፣ መልሼ እደውላለሁ" አለችው።

"አባባ፣ አውሮፕላን ነው እንዴ የሚሠሩት?"

አቦይ ሲመልሱላት ቀና አላሉም። "አውሮፕላን ቢሆን አልሰጋም ነበር። አውሮፕላንን ብዙ ሰው ነው የሚያየው፤ እኔ ብስት ሌላው ያገኘዋል። ይህቺን የማያት እኔ ብቻ ነኝ። የምትነዳት ደግሞ ልጄ ናት።"

ከዚያ ወደ ፒኗ ተመለሱ። እኔ መደርደሪያ ላይ የተሰቀለውን የሄልሜት ረድፍ በጥንቃቄ ማየት ጀመርኩ። ሻጯ አየችኝና ወደ ውስጥ ገብታ አንድ ሙሉ ካርቶን ይዛ መጣች። "በሉ ይምረጡ" አለች።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ ሦስት የማይበልጡ ጥቃቅን ብረቶች ይዘን ወጣን። ሁሉም ተደምረው በአንድ እጅ መዳፍ ውስጥ ይገባሉ።

ሥራው የተሠራው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አያት ግቢ ውስጥ ነው። አቦይ ነጭ ጨርቅ መሬት ላይ አንጥፈው ዕቃዎቹን በቅደም ተከተል ደረደሩ። ሞተሯን በመሐል ማቆሚያዋ አቆምናት፤ የኋላ ጎማዋ ከመሬት ተነሣ። እኔ የምሠራው ሥራ ያለ መስሎኝ እጅጌዬን ሰብስቤ ነበር። የተሰጠኝ ሥራ ግን የሚሉትን ዕቃ አንሥቶ ማቀበልና ስሙን ጮክ ብሎ መናገር ነው።

"ፒን" እላለሁ።

"ፒን" ይላሉ ተቀብለው።

"ሞላ።"

"ቆይ። ግራሶ ቀቢያት መጀመሪያ።"

አደይ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ሽንኩርት እየላጡ ያዩናል። "ቅዳሴ ነው የምትቀድሱት?" አሉ።

ዳዶዋን ለማስገባት የፍሬኑን ክንድ በአንድ እጅ ወደፊት ገፍቶ መያዝ ያስፈልጋል። አቦይ በቀኝ እጃቸው ሞከሩ፤ ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። ለአደይ ጀርባዬን ሰጥቼ በመካከል ገባሁና ክንዷን እኔ ገፋሁላቸው። እሳቸው በግራ እጃቸው ዳዶዋን አዞሩ። ከጀርባዬ ግን የአደይ ቢላዋ መላጡን ሲያቆም ሰማሁ።

"ትከሻህን እኔ የማላውቅ መስሎህ ነው?" አሉ አደይ ለባላቸው።

እንግዲህ በዚያ ቤት ውስጥ ሚስጥር የሚባለው ነገር ምን ያህል እንደሚቆይ ያን ቀን ተማርኩ። አቦይም ከዚያ ቀን ጀምሮ የምሰጣቸውን እንቅስቃሴ መሥራት ጀመሩ። በግድግዳ ላይ እጅ ማስኬድ አሥር ጊዜ ካልኳቸው አሥር ጊዜ ሠርተው በደብተር ይጽፋሉ። አሥራ አንድ አይሠሩም። አንድ ቀን "ካልደከመዎት ቢጨምሩስ?" ብላቸው "አሥር ነው ያዘዝሽው፤ የሚሻሻል ከሆነ ጽፈሽ ስጪኝ" አሉኝ።

ፍሬኑ ተገጠመ። አቦይ ፔዳሉን በእጃቸው ተጭነው ለኩት፤ ሁለት ጣት ያህል ወርዶ ይይዛል። ጎማዋን አሽከረከሩት፤ በነጻ ዞረ። ሁሉም ካለቀ በኋላ ቀና ብለው "ጥፍር ቀለም አለሽ?" አሉኝ።

የለኝም። በሥራዬ ጥፍሬን አልቀባም። አደይ ግን ተነሥተው ገቡና ለእኛ ሠርግ የገዙትን ቀይ ጥፍር ቀለም ይዘው መጡ። የቢላዋ ጫፍ በምታህል ብሩሽ አቦይ ከዳዶዋ ጀምሮ እስከ ዘንጉ ድረስ አንድ ቀጭን ቀይ መስመር አሠመሩ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም፤ ለማሳመር መሰለኝ። "ያምራል አቦይ" አልኳቸው። ብሩሹን ወደ ጠርሙሱ መለሱ። ቁልፉን ሰጡኝ።

ማታውኑ ባለቤቴ ከሥራ መጥቶ ተቀላቀለንና በሞተሯ ከኋላዬ ተቀምጦ ወደ አራብሳ ሄድን። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ፍሬኑ በትንሹ ስነካው ይይዛል። ትንሽ ቆይቶ ሞተሯ የከበዳት መሰለኝ። ባለቤቴን "ወፍረሃል" አልኩት። ሰፈራችን ልንደርስ ስንል የሆነ ነገር መቃጠል ጀመረ። ቆምን። ታምቡሩ እጅ አያስጠጋም። ሞተሯን ገፋ አደረግኋት፤ ሁለታችንም ስንወርድ ጎማዋ በነጻ ይዞራል። ባለቤቴ ተመልሶ ሲቀመጥባት ግን ይያዛል።

"አቦይ አጥብቀውታል" አልኩ።

"እንዳትነግሪያቸው" አለ ባለቤቴ ፈጥኖ። "ሠላሳ አራት ዓመት ስህተት ሠርተው አያውቁም።"

ትንሽ ሲቀዘቅዝ ዳዶዋን በእጄ ሦስት ጊዜ ግማሽ ግማሽ ዙር አላላኋት። ጎማው ተፈታ። ቤት ገብተን ራት ሳንበላ ስልኬ ጠራ።

"የሙከራ ጉዞው እንዴት ነበር?" አሉ አቦይ።

ባለቤቴ በዓይኑ ይለምነኛል። "በጣም ጥሩ ነው አቦይ" አልኩ። "እንደ ቅቤ።"

"ምንም ሽታ? ሙቀት?"

"ምንም።"

"እሺ" አሉ። እሺ ያሉበት ድምፅ ግን አልጣመኝም።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በራችን ተንኳኳ። አቦይ አራተኛ ፎቅ ወጥተው ቆመዋል፤ ከኋላቸው ደግሞ አደይ ደረጃው ላይ ቆመው ቁና ቁና እየተነፈሱ ነው። አቦይ ከሰላምታ በፊት "አንድ ሰው ሳይቀመጥባት ነው የለካሁት" አሉኝ።

"አቤት?"

"ሰው ሲቀመጥባት የኋላ ጎማዋ ወደ ላይ ይገባል፤ ያኔ ዘንጉ ይሳባል። በባዶዋ ልክ የሆነው ፍሬን ሁለት ሰው ሲቀመጥባት ይይዛል። ሌሊቱን ሙሉ በራሴ ሳሰላው ነበር። እንዴት አላቃጠለብሽም?"

ባለቤቴ ወደ ወጥ ቤት ሄደ። የሚሠራው ነገር እንዳለው ሰው ነው የሄደው።

"እንጃ አቦይ" አልኩ።

ወርደን ሞተሯ ጋ ደረስን። አቦይ ጎንበስ አሉና ብዙ ሳይቆዩ ቀና አሉ። ያ ቀይ መስመር፣ እኔ ለጌጥ የመሰለኝ፣ በዘንጉ ላይ ያለው ወደ ላይ፣ በዳዶዋ ላይ ያለው ወደ ታች ሆኗል። መስመሩ የተሠመረው ዳዶዋ ከቦታዋ ከተንቀሳቀሰች እንዲያሳብቅ ነው። ማንም የነካት ሰው ሊደብቀው አይችልም። እኔ ግን ደብቄ ነበር።

"ሞቆ ነበር" አልኩ። "አላላሁት። እርስዎ እንዳይከፋዎት ነው የዋሸሁት።"

አቦይ ሞተሯ ወንበር ላይ እጃቸውን አሳረፉ።

"ማላላቱ ትክክል ነው" አሉ። "ጥሩ አድርገሻል። ጥፋቱ አለመናገርሽ ነው። እኔም በወጣትነቴ አንድ ጊዜ አንዲት ሮንዴላ ጠፋችብኝ። ከዳዶ ሥር የምትገባ ቀዳዳ ያላት ብረት፣ የጥፍር ያህል ናት። ብፈልግ ብፈልግ አጣኋት። እዚያው አውሮፕላኑ ውስጥ ወድቃ ይሆናል ብዬ ፈራሁ፤ ለአለቃዬ ሳልናገር ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ገብቼ ሁለት ፌርማታ አልሄድኩም፤ ወርጄ በእግሬ ተመለስኩ። ነገርኩት። እንደሚያባርረኝ እርግጠኛ ነበርኩ።"

"ምን አለዎት?"

"'ጫማህን አውልቅ' አለኝ። ሮንዴላዋ የጫማዬ ሶል ላይ ተሰክታ ነበር። ይዣት ወደ ቤቴ እየሄድኩ ነበር።"

አደይ ይህን ታሪክ በአርባ ዓመት ትዳር ሰምተውት አያውቁም ነበር። "ለእኔ ያልነገርከውን ለእሷ ነገርካት?" አሉ።

"ይቅርታ አቦይ" አልኩ።

"እኔም ይቅርታ" አሉ። "ያጠበቅሁት እኔ ነኝ።"

እንደገና መለካት ነበረብን፤ በዚህ ጊዜ ሰው ተቀምጦባት። እኔ ከፊት ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ከኋላ እንዲቀመጥ ብንጠራው፣ ከላይ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ሻይ እያፈላ መሆኑን ነገረን። አቦይ ዙሪያቸውን ተመለከቱ። ዓይናቸው አደይ ላይ ቆመ።

"አይሆንም" አሉ አደይ።

"ለአምስት ደቂቃ ነው። አትንቀሳቀስም፤ ቆማለች።"

"የቆመ ነገር ላይ ለመቀመጥ ወንበር አለኝ።"

"ክብደት ያስፈልገኛል" አሉ አቦይ፤ ይህ ግን ጥሩ ምርጫ አልነበረም። አደይ ለአንድ ደቂቃ ያህል አዩዋቸው። ከዚያ ምን እንዳሰቡ አላውቅም፣ ነጠላቸውን ሰብስበው ትከሻዬን ይዘው ወጡ። ሁለት እግራቸውን በአንድ ወገን አድርገው ተቀመጡና በሁለት እጃቸው ወገቤን ጨበጡኝ። አቦይ ተንበርክከው ዳዶዋን ግማሽ ግማሽ ዙር እያዞሩ "ርገጪ" "ልቀቂ" "ርገጪ" ይሉኛል። የጎረቤት ሴቶች ልብስ ማስጫው ጋ ቆመው ያዩናል። ከብዙ "ርገጪ" በኋላ አቦይ ሦስት ግማሽ ዙር ካላላሁት ላይ አንዷን ግማሽ ብቻ መልሰው አጠበቁና ተነሡ።

"አለቀ" አሉ። "መውረድ ትችያለሽ።"

አደይ አልወረዱም። "ይህቺ ነገር ትሄዳለች?" ብለው ጠየቁኝ፣ በጆሮዬ።

"ትሄዳለች አደይ።"

"እስከዚያ ጥግ ውሰጂኝ።"

መሪዋ ላይ የተንጠለጠለውን ሄልሜቴን አነሣሁና አደይ ጭንቅላት ላይ ከሻሻቸው በላይ ደፋሁላቸው። አቦይ "እንዴት ነው ይሄ ነገር?" ሲሉ ቁልፉን አዙሬያለሁ። በኮንዶሚኒየሞቹ መካከል ባለው የድንጋይ ንጣፍ መንገድ፣ ከሰው ርምጃ ብዙም ሳንፈጥን ወረድን። አደይ መጀመሪያ በትግርኛ ማርያምን ይጠሩ ነበር። ጥጉ ጋ ስንደርስ መጥራቱን ተዉ። ቆምኩ፤ ፍሬኑ ለስለስ ብሎ ያዘ።

"እዚህ ላይ መንገዱ ያልቃል እንዴ?" አሉ።

"አያልቅም።"

"እንግዲያ ለምን ቆምሽ?"

ሁለት ጊዜ ዞርን። ስንመለስ አቦይ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ እዚያው ቆመው ነበር፤ አደይን ለማውረድ እጃቸውን ዘረጉ፣ ቀኙን። ወደ ሰማንያ ዲግሪ ተነሣ። ሁለታችንም አየነው።

ላይ ወጥተን የባለቤቴን ሻይ ጠጣን። ከመጠን በላይ ፈልቶ መሮ ነበር። አቦይ ብርጭቆውን በእጃቸው እያዞሩ ወደ እኔ ዞሩ።

"ሞተር መንዳት ማን አስተማረሽ?"

በሦስት ዓመት ውስጥ ስለ እኔ የጠየቁኝ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ነበር። "አባቴ" አልኳቸው። "የእንስሳት ሐኪም ነበር። ገጠር ለገጠር የሚዞርበት ሞተር ነበረው። ከፊቱ አስቀምጦኝ ይሄድ ነበር፤ እኔ መሪውን የያዝኩ እየመሰለኝ።"

አባቴ እኔ ዩኒቨርሲቲ ሳልገባ እንደሞተ ያውቃሉ። ለሽምግልና የመጡት አጎቴ ጋ ነበርና።

"ሞተሩን ራሱ ነበር የሚጠግነው?"

"አዎ። ቅዳሜ ቅዳሜ። እጁን ሲታጠብ እኔ ሳሙናና ውኃ እይዝለት ነበር።"

አቦይ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ብንተዋወቅ ጥሩ ነበር" አሉ። ከዚያ ሊሄዱ ሲሉ አደይ ጫማቸውን የት እንዳወለቁ ስለጠፋባቸው ሁላችንም ተነሥተን ጫማ መፈለግ ጀመርን።